ከታች ወደ ላይ፦ በአንድ የእርሻ ተፋሰስ የስድስት ቀን ጉዞ

የወንዝ ሕመም የሚታየው ታች ነው፤ የሚጀምረው ግን ላይ ነው። ስለዚህ ይህ ጉዞ ወንዙ ወደ ግድቡ ሐይቅ ከሚገባበት አፍ ተነስቶ፣ በየመገናኛው እየቆመ፣ ውሃው ከማሳ እስከሚለቀቅበት ጫፍ ድረስ ሽቅብ ይወጣል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል።

ወቅቱ የዝናብ መግቢያ ነው። ማሳው ታርሷል፣ ማዳበሪያው ወድቋል፣ ቡቃያው ግን ገና አፈሩን አላለበሰም። ወንዙ ከዓመቱ ሁሉ ከባድ ጭነት የሚሸከመው በእነዚህ ሳምንታት ነው። መንገዱ ጭቃ ነው፣ መሻገሪያውም ያስቸግራል። ይሁንና በደረቁ ወቅት ብቻ የተለካ ወንዝ ግማሽ ሕመሙን ይደብቃልና መሄድ ያለበት አሁን ነው።

ዕቃው በሁለት ሰው ጀርባ ይታዘላል፦ የኦክስጅንና የሙቀት መለኪያ፣ የፒኤች (የአሲድነት ልክ) እና የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት (በውሃው የሟሟ ጨው መብዛት ማነሱን የሚያሳይ) መለኪያ፣ ድፍርስነት የሚታይበት ግርጌው ላይ ጥቁርና ነጭ ምልክት ያለው ግልጽ ቱቦ፣ የናይትሬትና የፎስፌት መመርመሪያ፣ ጠርሙሶች፣ በረዶ የያዘ ሳጥን፣ 0.45 ማይክሮን ማጣሪያ ከነስሪንጁ፣ ሜትር፣ የሩጫ ሰዓት፣ መረብና አንድ ነጭ ትሪ። ትሪው ተራ ዕቃ ይመስላል፤ በሁለተኛው ቀን ግን ከመለኪያዎቹ ሁሉ ብዙ የሚናገረው እሱ ነው።

አንደኛ ቀን፦ የወንዙ አፍ

ፀሐይ ሳትወጣ ውሃው ዳር መድረስ ግድ ነው። አልጌና የውሃ ተክል ቀን ላይ ኦክስጅን ይሰጣሉ፤ ሌሊቱን ግን እንደ ማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር ይተነፍሳሉ። በውሃው የሟሟው ኦክስጅን ሌሊቱን ሲቀንስ ያድርና ጎህ ሲቀድ ዝቅተኛው ልክ ላይ ይደርሳል። በቀትር የለካ ሰው በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት 9 ሚሊ ግራም በሊትር ያገኝና «ወንዙ ደህና ነው» ብሎ ይመለሳል። እዚያው ቦታ ላይ ጎህ ሲቀድ ልኩ ከ5 በታች ወርዶ ዓሣ የሚጨነቅበት፣ ከ2 በታች ከወረደ ደግሞ የሚሞትበት ሊሆን ይችላል። በንጋትና በቀትር ልክ መካከል ያለው ርቀት ራሱ ምስክር ነው፤ ርቀቱ ከሰፋ፣ ለማሳ የተገዛው ማዳበሪያ ውሃ ውስጥ አረንጓዴ አብቅሏል ማለት ነው። መለኪያው ለቦታው ከፍታ መስተካከሉንም ማየት ያስፈልጋል። በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ መያዝ የሚችለው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ ይህን የዘነጋ ጤነኛውን ወንዝ በሽተኛ ያደርገዋል።

ቀጥሎ የፍሰት መጠን ይለካል። ብዙ የውሃ ጥራት ጥናት የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ በአንድ ሊትር ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም እንዳለ ይጻፋል፣ ስንት ሊትር እንዳለፈ ግን አይጻፍም። ፍሰቱ ካልታወቀ ጭነቱ አይታወቅም፣ ጭነቱ ካልታወቀ ደግሞ የትኛው ገባር መቅደም እንዳለበት መወሰን አይቻልም። አሠራሩ ቀላል ነው። ቀጥ ያለና ድንጋይ ያልበዛበት 20 ሜትር ይመረጣል። ስፋቱ ይለካል፤ ጥልቀቱ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር በየግማሽ ሜትሩ ይለካና አማካዩ ይወሰዳል። ከዚያ ግማሹ ውሃ ውስጥ የሚሰምጥ ተንሳፋፊ ይለቀቃል። ብርቱካን ለዚህ ይመቻል፤ ነፋስ አይገፋውም፣ ከሩቅም ይታያል። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ግን ከውሃው ይልቅ የነፋሱን ፍጥነት ነው የሚለካው። አምስት ጊዜ ተለቅቆ አማካዩ ይያዛል፤ የላይኛው ውሃ ከሥሩ ስለሚፈጥን በ0.85 ይባዛል። ስፋቱ 4 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 0.5 ሜትር የሆነ ወንዝ ላይ ብርቱካኑ 20 ሜትሩን በ34 ሰከንድ ከጨረሰ፣ ፍሰቱ በሰከንድ 1 ሜትር ኩብ ነው።

ከዚህ በኋላ ሁልጊዜ በአእምሮ መያዝ ያለበት አንድ ቁጥር አለ፤ 86.4። በሰከንድ 1 ሜትር ኩብ የሚፈስ ውሃ በሊትር 1 ሚሊ ግራም ነገር ከያዘ፣ በቀን 86.4 ኪሎ ግራም ተሸክሞ ያልፋል። ያው ወንዝ በሊትር 5 ሚሊ ግራም የናይትሬት ናይትሮጅን ቢይዝ በየቀኑ 432 ኪሎ ናይትሮጅን ይሄዳል። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ፣ ይህ በቀን ከ9 ኩንታል በላይ ዩሪያ ከድልድዩ ላይ እንደ መድፋት ነው። ገበሬን በሚሊ ግራም ከማነጋገር በኩንታል ማነጋገር ይሻላል፤ ኪሳራው የእሱም እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

እዚህ ላይ አንድ የመለኪያ ወጥመድ አለ። አንዳንዱ መመርመሪያ ውጤቱን በናይትሬት፣ ሌላው በናይትሬት ውስጥ ባለው ናይትሮጅን ይሰጣል፤ በሁለቱ መካከል 4.43 እጥፍ ልዩነት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚመክረው 50 ሚሊ ግራም በሊትር ልክ የናይትሬት ነው፤ በአሜሪካ የሚሠራበት 10 ሚሊ ግራም ደግሞ የናይትሮጅን ነው። ሁለቱ የተራራቁ ቢመስሉም የሚሉት ተቀራራቢ ነገር ነው። መዝገቡ ላይ የትኛው እንደሆነ ካልተጻፈ የዓመታት ልፋት ከንቱ ይሆናል።

ሁለተኛ ቀን፦ መገናኛዎቹ

ገባር ከዋናው ወንዝ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ ሦስት ናሙና ይወሰዳል፦ ከገባሩ፣ ከዋናው ወንዝ ከመገናኛው በላይ፣ ከዋናው ወንዝ ከመገናኛው በታች። የታችኛው ናሙና ከመገናኛው ሥር ወዲያው አይቀዳም። ሁለት ውሃ ተገናኝቶ እስኪዋሐድ ጎን ለጎን ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ቸኩሎ የቀዳ ሰው አንዱን ብቻ ቀድቶ «ድብልቅ» ብሎ ይጽፋል።

አቀዳዱም ሥርዓት አለው። ሰውዬው ፊቱን ወደ ፍሰቱ መምጫ አዙሮ ይቆማል፤ ጠርሙሱ ከፊቱ ይሆናል፣ እግሩ የቀሰቀሰው ደለል ከኋላው ይሄዳል። ጠርሙሱ በወንዙ ውሃ ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል፤ ለረቂቅ ተሕዋስያን የተዘጋጀው ንጹሕ ጠርሙስ ግን አይለቀለቅም። ፎስፈረስ ባለበት ሳሙና የታጠበ ጠርሙስ ራሱ ፎስፈረስ ይሰጣል። የሟሟ ፎስፌት ሊለካ የታሰበው ናሙና እዚያው ወንዙ ዳር ይጣራል። ቆይቶ የተጣራ እንደሆነ ከደለሉ ጋር እየተቀባበለ ልኩ ይለወጣል። ሁሉም ወደ በረዶው ይገባል፤ የሰገራ ባክቴሪያ የሚመረመርበት ደግሞ በ6 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት።

ከትልቁ መገናኛ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሁለቱ ገባሮች ፈጽሞ አይመሳሰሉም። የቀኙ እንደ ሸክላ ጭቃ ቡናማ ነው፤ የግራው ጠጠሩ እስከሚቆጠር ድረስ ጥርት ያለ ነው። ማንም ሰው «ሕመሙ የቀኙ ነው» ይላል። የአስተላላፊነት መለኪያው ግራው ውስጥ ሲነከር ግን ቁጥሩ ከቀኙ ይበልጣል፤ ናይትሬቱም እንዲሁ።

አሁን ትሪው ይወጣል። ከቡናማው ገባር ፈጣን ቦታ ላይ አንድ የቡጢ ያህል ድንጋይ ለማንሳት ሲሞከር አይለቅም፤ ዙሪያው በደለል ተለስኖ ተሰክቷል። ተጎትቶ ሲላቀቅ እንደ ቡሽ ድምፅ ያሰማል፣ ሥሩም ጥቁር ነው። ትሪው ላይ ሲታጠብ የሚወርደው ቀይ ቀጭን እጭ ነው፤ እየተጠቀለለና እየተፈታ ይዋኛል። ቅላቱ እንደኛ ደም ኦክስጅን ከሚሸከም ቀለም ነው፤ ሌላው በሚታፈንበት ጭቃ ውስጥ የሚኖረውም በዚያ ነው። ሦስት ጭራ ያላት፣ በሆዷ ግራና ቀኝ ላባ የመሰለ መተንፈሻዋን የምታርገበግበው ጠፍጣፋ እጭ የለችም። ሁለት ጭራ ያላትም የለችም። አሸዋና እንጨት ሰፍታ ቤቷን የምትሸከመዋም የለችም። ሦስቱም ንጹሕና ኦክስጅን ያልጎደለው ውሃ የሚፈልጉ፣ በድንጋይ ክፍተት ውስጥ የሚኖሩ ናቸው፤ ደለሉ ቤታቸውን ደፍኖታል። ከጥርቱ ገባር የተነሳው ድንጋይ በቀላሉ ይለቃል፤ ነገር ግን ረጅም አረንጓዴ ፀጉር አብቅሎ ያንሸራትታል። ቤት ተሸካሚዋ ጥቂት አለች፤ የቀሩት ሁለቱ የሉም። ወንዙ አንድ ቢሆንም ሕመሙ ሁለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ጉዞ የሚመራው በዚህ ልዩነት ነው። ፎስፈረስ ከአፈር ቅንጣት ጋር ስለሚጣበቅ በአብዛኛው በመሬት ላይ፣ በጎርፍ፣ ከአፈር ጋር ይጓዛል። ናይትሬት ግን አፈር ስለማይዘው ከውሃ ጋር ሰርጎ በመሬት ሥር፣ ጥርት ባለ ውሃ፣ ዝናብ በሌለበት ቀንም ይጓዛል። ለአንደኛው የሚሠራው መድኃኒት ለሌላኛው ላይሠራ ይችላል። ከሸፉ ከሚባሉት ፕሮጀክቶች ብዙዎቹ የከሸፉት ይህን ሳይለዩ ስለተነሱ ነው።

ሦስተኛ ቀን፦ ዝናብ

ሌሊት የጀመረው ዝናብ የጉዞውን ዕቅድ ያፈርሳል። ይህ ግን በረከት ነው። የዓመቱ የፎስፈረስና የደለል ጭነት አብዛኛው የሚያልፈው በጥቂት የጎርፍ ቀናት ነው፤ በወር አንድ ጊዜ እየመጣ የሚቀዳ ሰው እነዚህን ቀናት ፈጽሞ ላያገኛቸው ይችላል። ናሙናው ውሃው መነሳት ሲጀምር በየ15 ደቂቃው፣ ጫፍ ደርሶ መውረድ ሲጀምር በየሰዓቱ ይወሰዳል። በአንድ ከፍታ ላይ ያለ ውሃ ሲነሳና ሲወርድ እኩል አይቆሽሽም፤ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ይብሳል፤ በወንዙ ወለልና በቅርብ ያለውን ሁሉ ጠርጎ የሚመጣው እሱ ነውና። ማንም ውሃ ውስጥ አይገባም፤ ከድልድይ ላይ በገመድ የታሰረ ባልዲ ይበቃል። በተራ ቀንም ቢሆን ጥልቀቱን በሜትር፣ ፍጥነቱን በሜትር በሰከንድ አባዝቶ ውጤቱ ወደ 1 ከተጠጋ መግባት የለም።

የሚያልፈውን ለመረዳት ትንሽ ስሌት ይረዳል። ከአንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር አፈር ቢታጠብ፣ ዓይን የማያስተውለው ውፍረት ነው፣ 10 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ክብደቱ 13 ቶን ገደማ። አንድ ኪሎ አፈር ግማሽ ግራም ፎስፈረስ ቢይዝ እንኳ ከ6 ኪሎ በላይ ፎስፈረስ ሄደ ማለት ነው። አንድ ኪሎ ፎስፈረስ 10,000 ሜትር ኩብ ንጹሕ ውሃን ወደ 0.1 ሚሊ ግራም በሊትር ያደርሳል፤ ይህ ልክ አልጌ እንዲያብብ ከበቂ በላይ ነው። ሁሉም ወዲያው ለአልጌ አይደርስም። ከደለሉ ጋር ግድቡ ሥር ይተኛና፣ ከታች ያለው ውሃ ኦክስጅን ባለቀበት ጊዜ ከብረት ጋር የነበረው ትስስር ተፈትቶ እንደገና ይለቀቃል። ወደ ግድቡ የሚገባው ቢቀንስም ሐይቁ ለዓመታት አረንጓዴ የሚሆነው በዚህ የተነሳ ነው።

ነሐሴ 2014 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በአሜሪካ የቶሊዶ ከተማ ወደ 400 ሺህ ለሚጠጋ ሕዝብ የቧንቧ ውሃ እንዳይጠጣ ተነግሮት ነበር። ከተማዋ የምትቀዳበት ኢሪ ሐይቅ ላይ ያበበው አልጌ ማይክሮሲስቲን የሚባል መርዝ አፍልቆ ነበር፤ ለሐይቁ ምዕራባዊ ክፍል ፎስፈረስ ከሚያመጡት ዋነኛው የሞሚ ወንዝ ነው፣ ተፋሰሱም በአብዛኛው እርሻ ነው። ያን ውሃ ማፍላት እንኳ አይጠቅምም ነበር፤ ሲፈላ ውሃው ይተንና መርዙ ይበልጥ ይጠራቀማል።

አራተኛ ቀን፦ ቡናማው ገባር

ዝናቡ ካባራ በኋላ ጎርፉ የሄደበት መንገድ መሬቱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የተኛው ሣር፣ የተጠራቀመው ገለባ፣ ጫማ የሚውጠው አዲስ ደለል ይመራሉ። ፀሐይ ሳያደርቀው መከተል ነው።

ከወንዙ ዳር የተተከለ የሣርና የዛፍ መከለያ አለ፤ 10 ሜትር ስፋት ያለው፣ በደንብ የያዘ። ውሃው ግን በሱ ውስጥ አላለፈም። ማሳው ውስጥ ተሰብስቦ፣ አንድ ዝቅተኛ ቦታ አግኝቶ፣ መከለያውን በአንድ ሜትር ቀዳዳ ሰንጥቆ ገብቷል። መከለያ የሚሠራው ውሃው ተበትኖ ቀስ ብሎ ሲመጣለት ብቻ ነው። ስለዚህ መከለያ ከመትከል በፊት በዝናብ ጊዜ ሄዶ ውሃው በየት እንደሚገባ ማየት፣ መግቢያው ላይ መከለያውን ማስፋት፣ ከበላዩም የውሃውን መንገድ በሣር ማልበስ ያስፈልጋል። በወጥ ስፋት ተለክቶ ከዳር እስከ ዳር የተተከለው መከለያ ለፎቶ ያምራል፤ ለውሃው ግን ቀዳዳዋ ትበቃዋለች።

ቀዳዳዋን ተከትሎ ሲወጣ ቦረቦር፣ ጎርፍ የቆፈረው ገደል፣ ይገኛል። ቦረቦር ከሆዱ ሳይሆን ከራሱ ነው የሚታከመው። ውሃ ከአናቱ እየወደቀ ወደኋላ ሲበላ፣ መሐል ላይ ክትር (ውሃውን የሚያበርድ አነስተኛ የድንጋይ ግድብ) መደርደር ድካም ብቻ ነው። መጀመሪያ ከአናቱ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ሣር ወደለበሰ፣ ወደ ረጋ መውረጃ ይመራል። እንዲህ ያለ መውረጃ ከሌለ ቦዩ ሌላ ቦረቦር ይወልዳል፤ ስለዚህ መውረጃው ቀድሞ ተዘጋጅቶ፣ ሣሩ ከያዘ በኋላ ነው ቦዩ የሚከፈተው። ቀጥሎ ገደሉ ተስተካክሎ ይቆረጣል። ክትሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ለክትር ርቀት ሕጉ አንድ ነው፤ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው እግር ጋር እኩል ይሁን። ተዳፋቱ 8 በመቶ በሆነ ቦረቦር 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክትር በየ10 ሜትሩ ይሠራል። ልቅ ድንጋይ ከ1 ሜትር በላይ መቆለል ለአደጋ መጋበዝ ነው። ክትር የሚፈርሰው በሦስት መንገድ ነው፣ ሦስቱም የታወቁ ናቸው። ጫፎቹ ግድግዳው ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ካልተቀበሩ ውሃው በጎን ዞሮ ይሄዳል። መሐሉ ከጫፎቹ ዝቅ ብሎ ማፍሰሻ ካልተበጀለት ውሃው ደካማውን ጫፍ ይመርጣል። ከማፍሰሻው ሥር ድንጋይ ካልተነጠፈ የሚወድቀው ውሃ ሥሩን ቆፍሮ ይገለብጠዋል። ከኋላው ደለል ሲሞላ ሣርና ቁጥቋጦ ይተከላል። ድንጋዩ ጊዜ ይገዛል፣ ቦረቦሩን የሚያድነው ሥር ነው።

ከቦረቦሩ በላይ ማሳው ራሱ አለ፤ ሥራው ሁሉ የሚጀምረውም እዚህ ነው። ሽቅብ ቁልቁል የታረሰ መሬት እያንዳንዱ ትልም ትንሽ ቦይ ነው። እርከን ሲሠራ መስመሩ በዓይን ግምት ሳይሆን በገመድና በውሃ ልክ ይወጣ። አንዲት የተንጋደደች ቦታ ካለች ውሃው ሁሉ እዚያ ተሰብስቦ ይጥሳል፤ ከአንዱ እርከን የተጣሰው ደግሞ የታችኞቹን ሁሉ ይዞ ይወርዳል። ገለባ ላለማንሳት ገበሬውን ማግባባት ከእርከን ይከብዳል፤ ከብት ይበላዋል፣ ለማገዶም ይፈለጋል። ግን 30 በመቶውን መሬት የሸፈነ ገለባ መሸርሸርን በግማሽና ከዚያም በላይ ይቀንሳል። የዝናብ ጠብታ አፈሩን ሳይመታ ከቀረ ጎርፉ የሚወስደው ልቅ አፈር አያገኝም።

ማዳበሪያ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፣ ትምህርቱም ከዚያው ከኢሪ ሐይቅ ነው። መሬቱን ደጋግሞ አለማረስ አፈርን ይይዛል። ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ ግን መሬቱ ላይ ተበትኖ፣ ሳይቀበር ከቀረ፣ የላይኛው ሁለት ጣት አፈር በፎስፈረስ ይሞላና ጎርፉ ደለል ባይወስድም የሟሟውን ይወስዳል። የሟሟው ደግሞ ለአልጌ የተዘጋጀ ምግብ ነው። ስለዚህ ማዳበሪያው በዘሩ አጠገብ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቀብሮ፣ ከባድ ዝናብ በሚጠበቅበት ዋዜማ ሳይሆን ይገባ። 100 ኪሎ ዳፕ በሚባለው ማዳበሪያ ውስጥ 18 ኪሎ ናይትሮጅንና 20 ኪሎ ያህል ፎስፈረስ አለ፤ አፈሩ ተመርምሮ ፎስፈረስ የጠገበ ከሆነ ይህ ሁሉ ወጪ ወንዝ መመገብ ነው።

አምስተኛ ቀን፦ ጥርት ያለው ገባር

እዚህ የሚታይ ቁስል የለም። መሬቱ ሜዳ፣ አፈሩ ጥቁርና ወፍራም፣ ቦዮቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። ከቦዩ ዳር፣ ትርፍ ውሃን ከማሳው ሥር የሚያወጣ የተቀበረ የማጠንፈፊያ ቱቦ አፍ ብቅ ብሎ፣ ዝናብ ከቆመ ሁለት ቀን ቢሆነውም፣ እንደ ምንጭ ጥርት ያለ ውሃ ያወርዳል። የመመርመሪያው ወረቀት ሲነከር ይቀላል። ይህ ውሃ የወንዝ ዳር መከለያውን ሥር አያገኝም፤ በቱቦ ውስጥ ሆኖ ከሥሩ ያልፈዋልና።

መጀመሪያ ሒሳብ ይሠራል፤ በማዳበሪያ፣ በፍግና በጥራጥሬ ሰብል ሥር የገባው ናይትሮጅን ምን ያህል ነው? በምርትና በገለባ የወጣውስ? ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ከታች ምንም ቢገነባ አይበቃም። አንድ ጊዜ ይሰጥ የነበረው ዩሪያ ሁለትና ሦስት ቦታ ተከፍሎ፣ ሰብሉ በሚስብበት ወቅት ቢሰጥ የሚሰርገው ይቀንሳል። ከአጨዳ በኋላ ባዶ የሚቀር መሬት ደግሞ ትልቁ ቀዳዳ ነው። እርጥበት ካለ በሰብል መሐል የሚዘራ መሬት ሸፋኝ ተክል የተረፈውን ናይትሬት ሰብስቦ ይይዛል።

የተረፈውን ለመያዝ ረግረግ ይጠቅማል። በረግረግ ጭቃ ውስጥ ኦክስጅን ሲያልቅ ባክቴሪያዎች በምትኩ ናይትሬቱን ይተነፍሱና ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ቀይረው ወደ አየር ይመልሱታል። ለዚህ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ ኦክስጅን የሌለበት ጭቃ፣ የበሰበሰ ተክል፣ ጊዜ። ውሃው ቸኩሎ ካለፈ ምንም አይሆንም። የረግረጉ ስፋት ውሃው ከሚመጣበት መሬት ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለ100 ሄክታር ከግማሽ እስከ ሁለት ሄክታር ማለት ነው። ብዙ ቦታ መገንባት አያስፈልግም፤ ቀድሞ የነበረውን ረግረግ ያደረቀውን ቦይ መድፈን ይበቃል። ለእርሻ የማይመቸው፣ በየዓመቱ ውሃ የሚተኛበት ጥግ ለዚህ የተፈጠረ ነው።

ቦታ ከጠበበ በእንጨት ስብርባሪ የተሞላ ቦይ ይሠራል፤ ባዮሪአክተር ይሉታል። የቱቦው ውሃ ወደ ወንዙ ከመግባቱ በፊት በእንጨቱ ውስጥ ተጣርቶ ያልፋል። 30 ሜትር ርዝመት፣ 5 ሜትር ስፋት፣ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ 150 ሜትር ኩብ ነው። የእንጨቱ ክፍተት 70 በመቶ ያህል ስለሆነ 105 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ በሰከንድ 5 ሊትር ቢገባ ውሃው ውስጡ ወደ 6 ሰዓት ይቆያል። የሚፈለገው ከ4 እስከ 8 ሰዓት ነው። ካነሰ ናይትሬቱ ሳይለወጥ ይወጣል። በጣም ከረዘመ ደግሞ ናይትሬቱ ያልቅና ባክቴሪያዎቹ ወደ ሰልፌት ይዞራሉ፤ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ የሚመጣው ያኔ ነው። ስለዚህ መግቢያውና መውጫው ላይ ውሃውን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ሳንቃ ያስፈልጋል፤ ጎርፍ ሲመጣም ትርፉ በጎን የሚያልፍበት መንገድ። ስብርባሪው ከ1 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የእንጨት ዱቄት ይደፍናል። በኬሚካል የታከመ እንጨት፣ ቅጠልና አፈር የተቀላቀለበት አይገባም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚወጣው ውሃ ሻይ ይመስላል፤ ከእንጨቱ የሚሟሟው ነው። ያ ውሃ ኦክስጅን ስለሚበላ፣ ወንዙ በቀነሰበት ወቅት ሥራ ማስጀመር አይገባም።

ሚሲሲፒ ወንዝ ከእርሻ የሚያወርደው ናይትሮጅን በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በየዓመቱ ኦክስጅን ያጣ የባሕር ክፍል ይፈጥራል፤ በ2017 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የተለካው 22,720 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር። የዚያ ናይትሬት ብዙው እንደዚህኛው ጥርት ባለ ውሃ ነው የተጓዘው።

ስድስተኛ ቀን፦ የከብት መውረጃና ምንጩ

የመጨረሻው ዕለት መንገድ አጭር ነው። ከብት ወደ ወንዝ የሚወርድበት ቦታ ዳሩ ፈርሶ፣ በኮቴ ተወቅቶ፣ ፍጉ ከውሃው ጋር ተዋሕዶ ይገኛል። አጥር ብቻውን አይሠራም። ውሃ የሌለው አጥር በሳምንት ውስጥ ይፈርሳል፣ ሊፈርስም ይገባዋል። መጀመሪያ ገንዳ ነው፤ አንድ ላም በቀን ከ40 እስከ 60 ሊትር ትጠጣለች፣ ለ50 ከብት 2.5 ሜትር ኩብ ያህል መግባት አለበት። ገንዳው ከወንዙ ርቆ፣ ዙሪያው ጠጠር ተነጥፎ ይቀመጣል። መሻገሪያ ካስፈለገ ጠባብ ሆኖ በድንጋይ ይነጠፋል፤ ከብት ድንጋይ ላይ መቆም ስለማይወድ ተሻግሮ ይሄዳል። የፍግ ክምር ከጎርፍ መንገድ ወጥቶ ይሸፈን። ፀረ ተባይ የሚረጭበት ዕቃ ወንዝ ዳር አይሞላ፣ አይታጠብ፤ ባዶው ጠርሙስ ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ እጣቢው ወደ መርጫው ገብቶ ማሳው ላይ ይረጭ።

ከኮረብታው ላይ ሆኖ ወደ ኋላ ሲታይ የሥራው ተራ ግልጽ ይሆናል። በቡናማው በኩል ከቦረቦሩ በላይ ያለው ተዳፋት ይቀድማል፤ ቀጥሎ የቦረቦሩ ራስ፣ ክትሩ፣ በመጨረሻ የወንዝ ዳር መከለያው። በጥርቱ በኩል የማዳበሪያው መጠንና ጊዜ ይቀድማል፤ ረግረጉ ይከተላል። ገንዘቡ ለሁሉም ቦታ በእኩል ከተበተነ የትም አይታይም። ብዙው ጭነት የሚመጣው ከጥቂቱ መሬት ነውና ያቺን ጥቂት መሬት ለይቶ እዚያ መጠንከር ይሻላል።

ደለሉ በአንድ ሁለት የዝናብ ወቅት ሊቀንስ ይችላል። ናይትሬቱ ግን ይዘገያል፤ ዛሬ በቱቦው የሚወጣው የቅርቡ ቢሆንም በከርሰ ምድር ውሃ የሚጓዘው ከዓመታት፣ አንዳንዴም ከአሥርት ዓመታት በፊት የሰረገ ነው። ዴንማርክ በ1987 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ከእርሻ የሚወጣውን ናይትሮጅን በግማሽ ለመቀነስ ስትነሳ በጥቂት ዓመታት ይሆናል ተብሎ ነበር፤ ወደዚያ ልክ ለመጠጋት ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል፣ ደንቡም ደጋግሞ ተጠናክሯል። ይህ ለነዋሪውም ሆነ ገንዘብ ለሚሰጠው አካል ከመጀመሪያው ቀን መነገር አለበት፤ አለዚያ በሦስተኛው ዓመት «አልሠራም» ተብሎ የሚሠራው ነገር ይቆማል። ልኬቱ እንዲታመን ደግሞ ምንም ያልተሠራበት ጎረቤት ገባርም ጎን ለጎን ይለካ፤ ካልሆነ የዝናቡ ማነስ ያመጣው ለውጥ የእርከኑ ይመስላል።

ምንጩ ከቋጥኝ ሥር ነው የሚወጣው። ከበላዩ እርሻ የለም። ትሪው ላይ የወጣው የመጀመሪያው ድንጋይ ሦስት ጭራ ያላትን፣ ሁለት ጭራ ያላትንም ይዟል፤ ላባዋ ይርገበገባል። የመጨረሻው ጠርሙስ ከዚህ ይቀዳል፤ ታች ያለው ሁሉ ወደፊት የሚነጻጸረው ከዚህ ልክ ጋር ነው። ፍሰቱ ይለካል፣ ቦታው በቀለም ምልክት ይደረግበታል፣ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፋል፣ ጠርሙሱ ወደ በረዶው ይገባል።